እናቴ ዲያሊስስ ላይ ናት፣ ጉንፋኑ አልለቅ ብሏታል፤ የትኛውን ቫይታሚን ልስጣት? (ሀዋሳ)

የአቶቴዋ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት ተጋግዘው ኩላሊቷን ጨረሱትና ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚሁ ሀዋሳ ደሟን በዲያሊስስ ማሽን ትታጠባለች። የታዘዘላት በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ አቅማችን የቻለው ሁለቱን ነው። የምትታጠበው አንገቷ ላይ በገባው ቱቦ ነው።

አሁን ያስጨነቀኝ ጉንፋኑ ነው። ይይዛታል፣ ቀለል ይላታል፣ ተመልሶ ይይዛታል። ሳሉ ግን ጨርሶ አልተዋትም። ምግብ አፏ ላይ አይጥማትም፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ «በቃኝ» ትላለች። ትንሽ ቁስል ከወጣባት ቶሎ አይድንም። ሊጠይቃት የሚመጣ ሁሉ «ቫይታሚን አንሷት ነው፣ ኢሚዩኒቲዋ ወርዶ ነው» ይላል፤ ባዶ እጁንም አይመጣም። ጠረጴዛዋ ላይ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ቫይታሚን ሲ 1000 አለ፤ ከውጭ የተላከ የዓሣ ጉበት ዘይት አለ፤ ሁሉንም የያዘ መልቲቫይታሚን አለ፤ የሽፈራው ዱቄት አለ። አክስቴ ደግሞ በየቀኑ የአቮካዶ ጁስ ትጠጣ ባይ ናት።

እስካሁን ምንም አላስጀመርኳትም። የሐኪሟ ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ከእነዚህ የትኛው ይጠቅማታል?

ሐይቅ ዳር

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። ሽፈራውን አትናቂው። አጎቴ ስኳር አለበት፤ ጠዋት ጠዋት እየጠጣው ጉልበቱ ተመልሶለታል። የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ ባይጠቅማት እንኳ አይጎዳትም።

የእጥበት ክፍል ነርስ

እህቴ፣ በቅድሚያ ስለ ሳሉ። ሁለት ሳምንት ካለፈው የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ አትጠብቂ። ነገ ወይም በሚቀጥለው የእጥበት ቀኗ ለነርሷ ንገሪያት፤ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ምርመራ ይደረግላት። በዲያሊስስ ላይ ያለ ሰው ከጤነኛው ይልቅ በቲቢ የመያዝ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእነሱ ላይ ደግሞ ምልክቱ ይደበቃል። የከሳውን ሥጋ የተጠራቀመው ውሃ ስለሚተካው ሚዛን ላይ አይታይም፤ ትኩሳቱም ላይገን ይችላል። ብዙ ጊዜም ከሳንባ ውጭ፣ ዕጢ ላይ ወይም ሆድ ውስጥ ይሆናል። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ ከተገኘ የሚድን በሽታ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ቫይታሚኑ። «ቫይታሚን አንሷታል» የሚሉሽ ሰዎች ግማሹን ልክ ናቸው። ኩላሊት ሥራ ሲያቆም አንዳንዱ ቫይታሚን ይጎድላል፣ አንዳንዱ ደግሞ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው ሁሉንም ባንድ ላይ የያዘው መልቲቫይታሚን ለእናትሽ የማይሆነው።

የሚጎድሉት በውሃ የሚሟሙት ናቸው፤ የቢ ቤተሰብ፣ በተለይ ቢ6 እና ፎሊክ አሲድ፣ ከዚያም ሲ። የዲያሊስስ ማጣሪያው እንደ ወንፊት ነው፤ ቆሻሻውን ከሚጠቅመው አይለይም፣ ቀዳዳው የሚያሳልፈውን ሁሉ ያሳልፋል። እኛም ደግሞ ፖታሺየም ፈርተን ፍራፍሬ እንከለክላለን፤ ጎመንና ድንቹን ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት እንላለን። ፖታሺየሙ ሲደፋ ፎሊክ አሲዱና ቫይታሚን ሲውም አብረው ይደፋሉ። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን የጎደለውን የሚተካ ነገር አብሮ መታዘዝ አለበት። የሚታዘዘው ቢ ኮምፕሌክስ፣ 1 ሚሊ ግራም ገደማ ፎሊክ አሲድ፣ ከ60 እስከ 100 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ነው። በእጥበት ቀን ከወረደች በኋላ ትወስደዋለች፤ ቀድማ ከወሰደችው ማሽኑ ያወጣዋል።

ከ60 እስከ 100 ያልኩትን ከ1000 ጋር አስተያዪው። የተረፈው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። ጤነኛ ኩላሊት ኦክሳሌትን በሽንት ያስወጣዋል። እናትሽ ላይ መሄጃ ስለሌለው አጥንት ውስጥ፣ የደም ሥር ላይ፣ ልብ ላይ ሳይቀር ሊቀመጥ ይችላል።

ከሚጠራቀሙት ዋናው ቫይታሚን ኤ ነው። የዓሣ ጉበት ዘይት በቫይታሚን ኤ የታወቀ ነው፤ መልቲቫይታሚኑም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ሲበዛ ቆዳ ያደርቃል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ ራስ ያማል፣ ጉበትንና አጥንትን ይጎዳል፣ የደም ካልሲየምን ከፍ ያደርጋል። ያን ዘይት ከጠረጴዛው አንሺው። ካሮት ወጥ ውስጥ ገባ ብለሽ ግን አትጨነቂ፤ አደጋው ያለው በእንክብሉና በዘይቱ ነው።

ኢሚዩኒቲ የሚሉት ነገር ደግሞ በቫይታሚን ብቻ አይሸፈንም። ደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ ራሱ ነጭ የደም ሴሎችን ያደክማል፤ ጀርም ሲገባ ፈጥነው አይደርሱም፣ ቢደርሱም በደንብ አይገድሉም። ለኩላሊት ታካሚዎች ክትባት ሲሰጣቸውም ሰውነታቸው የሚሠራው መከላከያ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሦስተኛዋን ቀን ማግኘት ብትችሉ ከየትኛውም ብልቃጥ ይበልጥባታል። ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ቢያንስ በሁለቱ ቀን አራት አራቱን ሰዓት ሳታጓድል ትጨርስ። «ደከመኝ፣ አውርዱኝ» ስትል አብራችሁ አትለምኑላት።

እስኪ ሁለት ነገር ንገሪኝ። አልቡሚኗ፣ ማለትም ደሟ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ስንት ነው? የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ወስዳለች?

ታቦር ስር

እኔ ራሴ የምታጠብ ሰው ነኝ፤ ሲስተር ባለችው ላይ ስለ ጁሱ ልጨምር።

እባክሽ እህቴ፣ የአክስትሽን ጁስ በፍቅር መልሺላት። ሲዳማ ላይ አቮካዶ እንደ ልብ ነው፤ ሰው ለታመመ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። 100 ግራም አቮካዶ ውስጥ 485 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሺየም አለ። ጁስ ቤት ያለው ትልቁ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውን አንቺው አስቢው። ከሙዝ ጋር ስፕሪስ ሲሆን ይብሳል። ከጎኔ የሚታጠብ አንድ ሰው በእረፍት ቀኖቹ ጁስ ሲጠጣ ሰንብቶ ሰኞ እግሩ አልታዘዝ ብሎት በሰው ተደግፎ መጣ። ልቡ ቀስ ብሎ ነበር የሚመታው፤ ፖታሺየሙ ከ7 አልፏል። ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ፖታሺየም ሲበዛ ልብ ያቆማል፤ ሳያስጠነቅቅም ሊሆን ይችላል።

የጣዕሙ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። አፍ ብረት ብረት ይላል፤ ሥጋ ይሸትታል። ቆሻሻው ሲበዛ ይብሳል፤ ዚንክ ሲያንስም እንደዚያ እንደሚያደርግ ሐኪሜ ነግሮኛል። ለእኔ የረዳኝ ምግቡ በጣም ሳይሞቅ መብላት፣ ጨው ሳይሆን ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ነው። ትኩስ ሥጋ ወጥ ሲሸትተኝ የተጠበሰ ቆሮሶ ግን ይበላልኛል። እናትሽም ዓሣ ትሞክር። ሀዋሳ ተቀምጠን ያውም።

የአቶቴዋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሳሉ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ነገ እጥበት ስላላት እዚያው እነግራቸዋለሁ። አልቡሚን የሚለውን ወረቀቷ ላይ አየሁት፤ 2.9 ይላል። ክትባቱን አላስታውስም፤ የወሰደች አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ዲያሊስስ ከመጀመሯ በፊት «ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተት ቀንሱ» ተብለን ነበር። እስካሁን ፈርተን እንደዚያው ነው የምንመግባት፤ በአብዛኛው ቆጮና ትንሽ ጎመን ነው። አሁን ዓሣ ትብላ ስትሉኝ...

ሌላው፣ ቫይታሚን ዲ ለኢሚዩኒቲ ወሳኝ ነው ሲባል እሰማለሁ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ፀሐይ ላይ አስቀምጣታለሁ። ይበቃታል?

የእጥበት ክፍል ነርስ

2.9 ዝቅ ያለ ነው፤ 4 አካባቢ ቢሆን ነበር የምንወደው። አልቡሚን ኢንፌክሽን ሲኖርም ስለሚወርድ ሳሉንና ቱቦውን አብረው ማየት አለባቸው።

የምግቡን ነገር በደንብ ስሚኝ፤ ብዙ ቤት ውስጥ የማየው ነው። ከዲያሊስስ በፊት ፕሮቲን የሚቀነሰው የተዳከመው ኩላሊት እንዳይጫንበት ነው፤ በኪሎ 0.8 ግራም ወይም ከዚያ በታች። እጥበት ከተጀመረ በኋላ ምክሩ ይገለበጣል። በእያንዳንዱ እጥበት ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያስፈልጋታል። 60 ኪሎ ብትሆን በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ ዕንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ 26 ግራም ያህል አለው። ቆጮ ውስጥ ግን ፕሮቲን ከስም በቀር የለም። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ይሰጣል፤ ጎኑ ላይ ዓሣ፣ ዕንቁላል ወይም ሥጋ ካልተቀመጠ ግን በሽታ የሚከላከሉት ሴሎችና ፀረ እንግዳ አካላት የሚሠሩበት ነገር አይኖርም። የቁስሏ አለመዳንም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ምግቦች ፎስፈረስም አላቸው፤ ፎስፈረሷ ከፍ ያለ ከሆነ ከምግብ ጋር የሚዋጥ መድኃኒት ይታዘዝላታል። ከምግቡ ጋር እንጂ ከሰዓታት በኋላ አይደለም፤ የሚሠራው እዚያው ሆድ ውስጥ ፎስፈረሱን ይዞ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያ ካገኛችሁ የእናትሽን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ስኳሩም አለባት።

የፀሐዩን ፋርማሲስቱ ወንድማችን ያብራራል፤ ባለፈው ሌላ ሰው ጠይቆ በደንብ መልሶ ነበር።

ፋርማሲስት ከሞቢል

መጣሁ። በመስታወት ውስጥ የገባ ፀሐይ ለቫይታሚን ዲ አይሆንም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ደጅ ትውጣ።

ደጅ ብትወጣም ግን ታሪኩ አያልቅም። ቆዳዋ የሠራው ዲ መጀመሪያ ጉበት ይሄዳል፤ እዚያ የሚከማቸው ዓይነት ይሆናል። ላቦራቶሪ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው። ቀጥሎ ኩላሊት ተቀብሎ ወደሚሠራው ዓይነት ይለውጠዋል። የእናትሽ ችግር እዚህ የመጨረሻው በር ላይ ነው። የሚሠራው ዲ ሲጠፋ ካልሲየም ከአንጀት በደንብ አይገባም፤ አንገት ውስጥ ያለችው ፓራታይሮይድ ዕጢ ካልሲየሙን ከአጥንት መሳብ ትጀምራለች። የአጥንት ሕመሙ፣ ማሳከኩ፣ የደም ሥር መድረቁ ከዚህ ይመጣል። ለዚህ ነው ሐኪሞች አልፋካልሲዶል ወይም ካልሲትሪዮል የሚያዙት፤ የኩላሊቱን ሥራ የሚተኩ ናቸው። ካልሲየምን ስለሚጨምሩ ግን ያለ ደም ምርመራ አይሰጡም። ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይታያሉ። ያለ ማዘዣ የሚጠይቁኝን ሁልጊዜ የምመልሰው ለዚህ ነው።

ለኢሚዩኒቲ ያልሽው መሠረት የሌለው አይደለም። ነጭ የደም ሴሎች ራሳቸው ዲን ለውጠው ጀርም የሚገድል ንጥረ ነገር ይሠሩበታል፤ የቲቢን ባክቴሪያ ጭምር የሚገድል። ስለዚህ የተከማቸው መጠን ከወረደ ሐኪሞች ያስተካክሉታል። ይህ ማለት ግን ዲ የወሰደ የኩላሊት ታካሚ ጉንፋን አይዘውም ማለት አይደለም፤ እንደዚያ ብሎ የሚሸጥልሽን አትመኚው።

የሚሟሟውን ሲ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ውስጥ እንዲፈላ የሚያደርገው ሶዲየም ያለው ቅመም ነው። ጨው ከልክለናት በዚያ በኩል እንሰጣታለን፤ የሚሟሟበት ብርጭቆ ውሃም በቀን ከተፈቀደላት ፈሳሽ ይቆጠራል።

ሐይቅ ዳር

ሽፈራው ላይ ማንም አልመለሰልኝም። ከደቡብ ሕዝብ ጋር የኖረ ምግብ ነው፤ ኮንሶና ጋሞ በየቀኑ ይበሉታል። እንዴት መርዝ ይሆናል?

ፋርማሲስት ከሞቢል

ወንድሜ፣ መርዝ ያለ የለም። ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፤ ኩላሊቱ ለሚሠራ ሰው እኔም እመክረዋለሁ። ሀብታም መሆኑ ነው ለእሷ ችግር የሆነው። ፖታሺየም አለው፣ ካልሲየም አለው፤ ደርቆ ሲፈጭ ደግሞ ማንኪያ ውስጥ የሚገባው ይበዛል። አጎትህ የተረፈውን በሽንት ያስወጣል፤ እናቷ አታስወጣም። ስኳርና ግፊትም ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች ጋር ይደራረባል። አጎትህ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሽፈራው እንደሚጠጣ ለሐኪሙ ይንገረው።

ሐይቅ ዳር

እሺ ገባኝ፤ አመሰግናለሁ። ለአጎቴም ኩላሊቱን እንዲያስመረምር እነግረዋለሁ፤ ስኳሩ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

የእጥበት ክፍል ነርስ

በጣም ጥሩ። በደም የሚለካውን ክሬቲኒን ብቻ ሳይሆን ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩንም ያስለካ። ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

የገብርኤል ሰፈር

እኔ ስለ ጾሙ ልናገር፤ ማንም አላነሳውም፣ በብዙ ቤት ግን ዋናው ችግር እሱ ነው። አባቴ ሲታጠብ ዓቢይ ጾም ገባ። «55 ቀን ሙሉ ዕንቁላል ብበላ በምን ፊቴ እቆርባለሁ» ብሎ እምቢ አለ። ሽሮና ምስር ይበላ ነበር፤ እሱንም በጥቂቱ። እጁ ከሳ፣ ከእጥበት ሲወርድ መቆም አቃተው፣ ሄሞግሎቢኑም ወረደ። እኛ ለምነን አልሰማንም፣ ሐኪሙም ተናግሮ አልሰማም። በመጨረሻ የንስሐ አባቱን ቤት ጠራናቸው። ቁጭ ብለው ሕመሙን ጠየቁት፤ «ልጄ፣ ጾም ለታመመ ሰው አልተጫነም፤ አንተ በጸሎትህና በምጽዋትህ ጹም፣ የታዘዘልህን ብላ» አሉት። በዚያው ቀን በላ። የማንም ምክር ያላደረገውን የእሳቸው ቃል አደረገው።

እህቴ፣ እናትሽ የምትጾም ከሆነ በቃል አትከራከሪያት። የምትሰማቸውን ሰው ጥሪላት።

ታቦር ስር

ይህ ለረመዳንም ይሠራል። አብሮኝ የሚታጠብ ጓደኛዬ ኢማሙን ጠይቆ በፊድያ (ድሃ በማብላት) ተክቶታል።

የእጥበት ክፍል ነርስ

የገብርኤል ሰፈር፣ አባትህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ምስርና ሽሮ ክልክል አይደሉም፤ ፎስፈረሳቸውም ከሥጋና ከወተት ያነሰ ነው ወደ ደም የሚገባው። ፖታሺየም ግን አላቸው፣ ቢ12 ደግሞ የላቸውም፤ ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ዓመቱን ሙሉ አጥብቆ የሚጾም የኩላሊት ታካሚ ቢ12ቱን ቢያስለካ ጥሩ ነው፤ የእግር መደንዘዝ ሁሉ ከስኳር አይደለም።

ስለ ደም ማነስ ከተነሳ ደግሞ፤ ዋናው ምክንያት ቫይታሚን ሳይሆን ኩላሊት የሚሠራው፣ ደም እንዲመረት የሚያደርገው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን መጥፋቱ ነው። ለአቶቴዋ ልጅ እናት የዚህ ሆርሞን መርፌ ይሰጣታል፤ ብረቱም በደም ሥር ይሰጣታል። የጤፉ ብረት ብቻውን አይበቃትም። ደም በደም ላይ መስጠትን በተቻለ መጠን እንሸሻለን፤ ወደፊት ንቅለ ተከላ ብታገኝ የሌላ ሰው ኩላሊት የሚገፋ ፀረ እንግዳ አካል ያበዛባታል።

ሩቅ ያለሁ ልጅ

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ወንድሜ ሀዋሳ ይታጠባል። ሲስተር የጠየቀችው የጉበት ክትባት ለምን ይህን ያህል አስፈላጊ ሆነ? ለሕፃናት የሚሰጥ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ንቅለ ተከላ ቢያገኝ ይህ ሁሉ ጣጣ አይቀርም?

የእጥበት ክፍል ነርስ

ለሕፃናት ይሰጣል፤ ግን እኛ አገር በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ራሱ ፈልጎ ካልወሰደ አልወሰደም ብለህ ገምት። ቫይረሱ በደም ይተላለፋል፤ እጥበት ክፍል ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ደም ነው የምንነካው። ለዲያሊስስ ታካሚ የሚሰጠው መጠን እጥፍ ነው፤ 40 ማይክሮ ግራም፤ በብዛት የሚሰጠውም መጀመሪያ ቀን፣ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ6ኛው ወር ነው። እጥፍ የሆነው ሰውነቱ ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ስለሆነ ነው። ተከትቦ አያልቅም፤ ከመጨረሻው ክትባት ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ ደሙ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ተለክቶ ከ10 በላይ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይታያል። ከወረደ ይደገማል። የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባትም ከተገኘ ይውሰድ። በቤት ያሉትም የኢንፍሉዌንዛውን ቢወስዱ ይረዳዋል።

ንቅለ ተከላው ትልቅ ተስፋ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ አገር ውስጥ መደረጉ ብዙ ሰው አትርፏል። ኢሚዩኒቲው ግን በዚያ አይመለስም። አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይገፋው መከላከያውን ሆን ብሎ የሚያወርድ መድኃኒት በየቀኑ ይዋጣል፤ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ። እንዲያውም ከተተከለ በኋላ ሕይወት ያለባቸው ክትባቶች አይሰጡም። ስለዚህ ወንድምህ ክትባቱን አሁን ይጨርስ።

አዳማ ፖስታ ቤት

ከአዳማ ነኝ፤ ባለቤቴ ይታጠባል። ክሩን ሙሉ አንብቤ አንድ ነገር ስለቀረብኝ ጻፍኩ። ስለ ቱቦው ማንም በደንብ አልተናገረም።

የባለቤቴ ኢሚዩኒቲ ወረደ ብለን ስንጨነቅ የነበረው ጀርሙ የሚገባበት በር አንገቱ ላይ ተከፍቶ እያለ ነው። እጥበት በተጀመረ በሰዓቱ ውስጥ ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ቤት ሲመጣ ይተወዋል። ማሽኑ አቀዝቅዞት ነው ይሉን ነበር ጎረቤቶች። ሐኪሙ ሲሰማ ወዲያው ከቱቦውና ከክንዱ ደም ወስዶ አስመረመረ፤ ባክቴሪያ ተገኘ። ሲለካ ትኩሳቱ 37.6 ብቻ ነበር። የኩላሊት ታካሚ ሙቀቱ ከመጀመሪያውም ዝቅ ስለሚል ትንሽ ጭማሪ ለእሱ ትልቅ ነው ብሎ አስረዳን። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ወሰደ፣ ቱቦው ተቀየረ፣ ወዲያው ፊስቱላ እንዲሠራለት ላኩን።

ፊስቱላ ማለት ክንድ ላይ የደም ቅዳውንና የደም መልሱን ሥር ማገናኘት ነው። ብሬሺያና ሲሚኖ የተባሉ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው ኒው ዮርክ ላይ በ1966 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ያስተዋወቁት ነው፤ እስካሁን የሚበልጠው አልተገኘም። ባዕድ ነገር ሰውነት ውስጥ ስለማይቀመጥ ኢንፌክሽኑ ከቱቦ በጣም ያንሳል። ተሠርቶ እስኪጎለብት ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቶሎ መጀመር ነው። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ዕቃ አይያዝም። እጃችሁን ስታስቀምጡበት ይነዝራል፤ ንዝረቱ ከጠፋ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

እህቴ፣ እናትሽ ዓመት ሊሆናት ነው በቱቦ። ስለ ፊስቱላ ጠይቂ።

የእጥበት ክፍል ነርስ

አዳማ ፖስታ ቤት፣ እኔ መጀመሪያውኑ መጻፍ የነበረብኝን ነው የጻፍሽልን። በዲያሊስስ ታካሚዎች ላይ ከልብ ሕመም ቀጥሎ ሕይወት የሚቀጥፈው ኢንፌክሽን ነው፤ ቱቦው ደግሞ ዋናው መግቢያ ነው። ቱቦው ሲከፈት እናትሽም ነርሷም ማስክ ያድርጉ። ገላዋን ስትታጠብ ቱቦው አይርጠብ፤ ሙቀት ነው ብላችሁ ከአንገት በላይ ውሃ አታፍስሱባት። ፋሻው ከረጠበ ወይም ከተነሳ እቤት አትለጥፉት፣ አምጧት።

የአቶቴዋ ልጅ

ተመለስኩ። አክታ ለጂን ኤክስፐርት (ለቲቢ ምርመራ) ሰጥታለች፣ ራጅ ተነስታለች። ውጤቱ ገና ነው። ዶክተሯን ከቀጠሮዋ በፊት አገኘናቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዤላቸው ሄጄ ነበር፤ አንድ በአንድ እያነበቡ ዘይቱን፣ መልቲቫይታሚኑንና ሲ 1000ውን አስቀሩ። ቢ ኮምፕሌክስና ፎሊክ አሲድ ጻፉላት፤ «ቲቢ ሆኖ አይኤንኤች የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት ከጀመረች ቢ6ቱን ለብቻው እንጨምርላታለን፤ መድኃኒቱ ስለሚያሳጣት» አሉ። ለቫይታሚን ዲ መጀመሪያ ካልሲየምና ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይታይ ብለዋል። የጉበት ቫይረስ ምርመራዋ ነጻ ነው፤ ክትባቱን እንጀምራለን። ፊስቱላውን ስጠይቃቸው የደም ሥሯን በአልትራሳውንድ የሚያይ ሐኪም ጋ ጻፉልን።

ሦስተኛዋን ቀን ለጊዜው በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ለመጨመር ከእህት ወንድሞቼ ጋር ተነጋግረናል። ሙሉ አይደለም፤ የቻልነው ነው።

አሁን የምጠይቃችሁ፤ ወንድሜ ከውጭ ሊመጣ ነው። ዓሣ እንድትበላ መፈቀዱን ሰምቶ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል እወስዳታለሁ ብሏል። በልጅነታችን እሷ ነበረች የምትወስደን፤ እሷም ደስ ብሏታል። ከዳጣ ጋር ጥሬውን ትወድ ነበር። ሾርባውስ?

ታቦር ስር

ውሰዷት እንጂ! ከቤት መውጣቷ ራሱ የምግብ ፍላጎቷን ይከፍታል። ጥሬው ግን ለእኛ ቢጤ አይሆንም፤ ተዉት። እኔም እወድ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

የእጥበት ክፍል ነርስ

ጥሬ ዓሣ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፤ እነዚህ በጭራሽ። ጤነኛ ሰው በሆድ ቁርጠት የሚያልፈው ጀርም እሷን ሆስፒታል ያስተኛታል። በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ትብላ፤ ጨው ሳይነሰነስበት እንዲጠብሱላት ቀድማችሁ ንገሯቸው። የፎስፈረስ መድኃኒት ከታዘዘላት በቦርሳ ያዙላት፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ትዋጠው። የሳሉ ውጤት እስኪመጣ ብትቆዩ ግን ደስ ይለኛል፤ ለእሷም በቤት ላሉ ሕፃናትም። እስከዚያው መስኮቱን ክፈቱላት፣ ማስክ ታድርግ፤ ወንድምሽም ከመንገድ ጉንፋን ይዞ ከመጣ እሱም ማስክ ያድርግ።

የአሞራ ገደሉ ሾርባ ጨዋማ ነው፤ የዓሣው ፖታሺየምም የሚወጣው ወደ መረቁ ነው። ለአፏ ያህል ሁለት ሦስት ማንኪያ ቅመሷት፤ በዚያ ቀን ከሚፈቀድላት ፈሳሽ ላይ ቀንሱት። በማግሥቱ እጥበት ባላት ቀን ብታደርጉት ይመረጣል።

የአቶቴዋ ልጅ

እሺ ሲስተር። የአክታው ውጤት ሐሙስ ነው። እንደሰማሁ እዚሁ እጽፋለሁ።